ጎሜ «ኃጢአት» አይደለም፤ ስለ ፍልስፍና ቃላት አተረጓጎም

ቋንቋ የአንድ ሕዝብ የሐሳብ ጎተራ ነው። በጎተራው ያለውን እህል በሌላ ቁና ለመስፈር የሚነሣ ተርጓሚ ከሁሉ አስቀድሞ የቁናውን ልክ ማወቅ ይገባዋል። ልኩን ሳያውቅ የሰፈረ እንደሆነ፣ ወይ ይጎድልበታል፣ ወይ ይፈስበታል። የዕቃ ስም ሲተረጎም ጉድለቱ ቶሎ ይታያል፤ «ማረሻ» የተባለውን «ዶማ» ብሎ የተረጎመ ሰው ገበሬው ፊት በደረሰ ጊዜ ይጋለጣል። የፍልስፍና ቃል ግን እንዲህ በቀላሉ አያጋልጥም። የተሳሳተው ትርጉም በመጽሐፍ ይታተማል፣ በክፍል ውስጥ ይነገራል፣ በመድረክ ላይ ይተወናል፤ ውሎ ሲያድርም እውነት መስሎ ይደላደላል። የቃሉ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ሐሳቡ በሌላ ልብስ ተጀቡኖ ሲመጣ ሊያውቀው ይቸገራል፤ ሌላው አንባቢም ያላወቀውን ያወቀ ይመስለዋል።

ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ፣ በአርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ አልፎ፣ ጫሞ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። የአካባቢው ሐሳብም የወንዙን መንገድ ይከተላል። ደጋው ላይ በጋሞኛ የታሰበውና የተነገረው ነገር ወደ ከተማ ሲወርድ በቢሮ፣ በፍርድ ቤት፣ በትምህርት ቤትና በመድረክ አማርኛ ይሆናል። ከአማርኛው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገርና የጥናት ጽሑፍ ይሆናል። ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ የሚለው ብሂል በዚህ ጉዞ ላይ የሚከበረው ስንት ጊዜ ነው? ጉዞውን የሚመሩት መምህራን፣ ካድሬዎች፣ ጋዜጠኞችና ከያንያን ናቸውና ጥያቄው በቀጥታ የሚመለከተው እነርሱን ነው።

በዚህ ቁልቁለት እጅግ የተጎዳው ቃል «ጎሜ» ነው። ጎሜን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ቃል ጣል አድርገው ያልፋሉ፤ «ኃጢአት» ይላሉ። ጠንቀቅ ያለው «ነውር» ይላል። ሌላው «እርም» ወይም «መርገም» ይላል። ትርጉሞቹ አንድ በአንድ ሊፈተኑ ይገባል፤ የፍልስፍና ቃል የሚመዘነው በምን ቦታ፣ በማን ላይና በምን ፍጻሜ እንደሚውል ታይቶ ነውና።

ጎሜ የዎጋን ድንበር መጣስ ነው፤ በመጣሱም ምክንያት የሚከተለው መዓት ጭምር ነው። ድርጊቱና ውጤቱ በአንድ ቃል ተጠቃለዋል። ወሰን የገፋ፣ በሐሰት የመሰከረ፣ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ያልታረቀ፣ የተከበረ ደን የቆረጠ ሰው ጎሜ ሠርቷል። መዓቱ የሚወርደው ግን በእርሱ ላይ ብቻ አይደለም። በልጁ፣ በከብቱ፣ በጎረቤቱ፣ በደሬው ማለትም በሀገሩ ላይ ሊወርድ ይችላል። ዝናብ ሲቀር፣ ከብት ሲያልቅ፣ ሕመም ሲደጋገም፣ መካንነት ሲበዛ «የማን ጎሜ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥፋተኛው በሽማግሌዎች ፊት ያደረገውን ይናገራል፤ የበደለውን ይክሳል፤ ይታረቃል። መፍትሔው በሕዝብ ፊት የሚፈጸም ነው።

እንግዲህ «ኃጢአት» ይህን ሊሸከም ይችላልን? አማርኛ ተናጋሪው ኃጢአት ሲል ነፍስንና እግዚአብሔርን ያስባል። ኃጢአት ለንስሐ አባት በምሥጢር ይነገራል፤ ጎሜ በአደባባይ ይገለጣል። የኃጢአት ዋጋ ከሞት በኋላም ይጠብቃል፤ የጎሜ ዋጋ ግን በእርሻው፣ በበረቱና በማኅፀኑ ላይ ዛሬ ይታያል። ኃጢአተኛው ከአምላኩ ጋር ይታረቃል፤ ጎሜ የሠራ ሰው መታረቅ ያለበት ከወንድሙ፣ ከጎረቤቱና ከመሬቱ ጋር ነው። «ነውር»ም አይበቃም። ነውር ሰው ሲያይ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ጎሜ ማንም ሳያይ የተሠራ ቢሆንም ጎሜነቱ አይቀርም። «መርገም»ም ተርጋሚ ይሻል፤ ጎሜ ግን ማንም ሳይራገም በራሱ ሕግ ይሠራል። ከሁሉ የሚቀርበው «እርም» ነው፤ እርሱም የተከለከለውን ነገር ይጠራል እንጂ ከክልከላው መጣስ እስከ እርቁ ያለውን ሰንሰለት አይዝም።

አራቱም የአማርኛ ቃላት የየራሳቸው ማዕርግ ያላቸው፣ በየቦታቸው የሚያስፈልጉ ቃላት ናቸው። ችግሩ የጋሞውን ሐሳብ ከቦታው ነቅለው በራሳቸው ቦታ መትከላቸው ነው። ይህ ነቀላ የሚያመጣው ጉዳት የቃል ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የሆነውን ያስታውስ። በቡራዩ አካባቢ ከጋሞ ተወላጆችም የሰው ሕይወት በጠፋበት በዚያ ወቅት፣ በቁጣ የተነሡ ወጣቶች በከተማይቱ ወደ በቀል ሲያመሩ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ቆሙ፤ የሌላው ወገን ሕይወትና ንብረትም ተረፈ። ነገሩ በመላ ሀገሪቱ ተወራ፤ ተመሰገነም። ሲወራ ግን በብዙ አፍ «አባቶች ልጆቻቸውን ለመኑ» ተባለ።

ልመና ነበርን? ልመና እምቢ ሊባል ይችላል፤ ለማኙም ከተለማኙ በታች ነው። ሣር ይዞ የተንበረከከን የጋሞ አባት አልፎ መሄድ ግን ጎሜ ነው። አባቶቹ ያደረጉት አንድ ሕግ በአካላቸው መዘርጋት ነበር፤ ወጣቶቹም የቆሙት ያንን ሕግ ስለሚያውቁት ነው። ድርጊቱ የአንድ የሥነ ምግባርና የፖለቲካ ፍልስፍና ሥራ ላይ መዋል ነበር፤ «ልመና» ብሎ የተረጎመው ሰው ከፍልስፍናው ላይ አእምሮውን ወስዶ እንባውን ብቻ አስቀረ። ጎሜን «ኃጢአት» ብሎ የለመደ አንባቢ የወጣቶቹን መቆም እንደ ተአምር ያየዋል፤ ጎሜን ያወቀ ግን እንደ ሕግ ይረዳዋል። ከተአምር የሚማር የለም፤ ከሕግ ግን መማር ይቻላል።

ጎሜ ብቻውን አይቆምም። ከጎኑ «ዱቡሻ» እና «ዎጋ» አሉ፤ እነርሱም እንደ እርሱ ተጎሳቁለዋል። ዱቡሻን «ሸንጎ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ሸንጎ የሚለው ቃል ግን በአማርኛ የራሱ ታሪክ አለው፤ ዳኛ የተሰየመበት፣ ባለሥልጣን የተቀመጠበት ጉባኤ ነው። ከ1980 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው ሥርዓት የሀገሪቱ ከፍተኛ የሥልጣን አካል «ብሔራዊ ሸንጎ» ይባል ስለነበር፣ ቃሉ የመንግሥት ማኅተም ጭምር ተመትቶበታል። ዱቡሻ በአንድ ጊዜ ቦታም፣ ጉባኤም፣ የቦታው ክብርም ነው። ሰዎች ሳይኖሩበትም ዱቡሻ ዱቡሻ ነው፤ በእርሱ ላይ ሐሰት መናገር ራሱ ጎሜ ነው። ሸንጎ ሲበተን ያለው ባዶ አዳራሽ ነው።

«ዎጋ» ደግሞ ለአማርኛ ተርጓሚ ወጥመድ ነው። በድምፅ «ወግ»ን ይመስላልና ተርጓሚው ሳይደክም «ወግ» ብሎ ያልፋል። አማርኛው ወግ አንድ ጊዜ የሥርዓት ስም ነበር፤ ዛሬ ግን ጨዋታም ወግ ነው፣ ለይምሰል የሚደረግም «ለወጉ» ነው። በጋሞ ዎጋ የሚያስር ሥርዓት ነው፤ የጣሰው ጎሜ የሚያስከትልበት፣ የተጠራጠረው በዱቡሻ የሚከራከርበት፣ የሀገር መተዳደሪያ ነው። ሁለቱ ቃላት በመልክ መንታ ቢሆኑም በኑሮ ተለያይተዋል። ተርጓሚው የሚያጤነው ኑሯቸውን መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች መነሣታቸው አይቀርም፤ ሦስቱም በትዕግሥት ሊመረመሩ ይገባል።

የመጀመሪያው፣ «አማርኛ የበለጸገ ቋንቋ ነው፤ ከኋላውም ግእዝ አለለት፤ የማይተረጉመው ነገር የለም» የሚል ነው። ብልጽግናው አይካድም። ነገር ግን ብልጽግናው ከየት መጣ? የግእዝ ሊቃውንት ከግሪክ ቄርሎስንና ፊሳልጎስን፣ ኋላም ከዐረብኛ መጽሐፈ ፈላስፋን ሲመልሱ የነበራቸው ቃል ሁሉ ዝግጁ አልነበረም። ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ ለሚደረገው ረቂቅ ክርክር «አካል»ን፣ «ባሕርይ»ን፣ «ህላዌ»ን እያንዳንዱን በልኩ ወስነው፣ አንዱ ከሌላው እንዳይምታታ በትምህርት ቤት ለትውልድ አስጠኑ። ቃሉን የሠራው ከጀርባው የቆመው ጉባኤ ነው። በኢትዮጵያ ፍልስፍና ላይ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 አምስት ቅጾችን ያሳተሙት ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር እንዳመለከቱት፣ የኢትዮጵያ ተርጓሚ ሲተረጉም እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ እያስማማ ነው። ያ ድፍረት ያማረው ተርጓሚው የሚያስማማውን ነገር አብጠርጥሮ ያውቅ ስለነበረ ነው። ሳያውቁ ማስማማት ግን መደፍጠጥ ነው።

የ«አካል» ዕጣ ራሱ ትምህርት ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «ሦስት አካል» የሚለው አነጋገር ስለ ግዝፈት የሚናገር አይደለም። ከዘመናት በኋላ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ሥነ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ያው ቃል «ቁስ አካል» በሚለው ስያሜ ውስጥ ገብቶ የቁሳዊ ፍልስፍናን ዋና መነሻ ተሸከመ። ከመንፈሳዊው ጫፍ ወደ ቁሳዊው ጫፍ ተሻገረ። ያ ዘመን «ርዕዮተ ዓለም»ን፣ «ንቃተ ኅሊና»ን፣ «ነባራዊ» እና «ኅሊናዊ»ን ለመደበኛ ንግግር አበቃ፤ «ወዛደር»ን ከ«ወዝ» ነድፎ እንደ «ወታደር» አስኬደ። አንዳንዶቹ ቃላት ከሥርዓቱ ጋር ከሰሙ፤ አንዳንዶቹ ግን ሥርዓቱን ተሻግረው እስከ ዛሬ ይነገራሉ። የተሻገሩት ምን ነበራቸው? ሰዎች በውይይት ክበብ ተቀምጠው የተከራከሩባቸው፣ ከራሳቸው ኑሮ ጋር ያገናኟቸው ቃላት ነበሩ። በመዝገበ ቃላት ብቻ የተወለደ ቃል በመዝገበ ቃላት ይቀበራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ጎሜ አጉል እምነት እንጂ ፍልስፍና አይደለም፤ ስለዚህ በተርጓሚ ራስ ላይ ይህን ያህል ሸክም መጫን አይገባም» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ሁለት ነገር አምታተዋል፤ ሐሳብን መረዳትንና ሐሳብን መቀበልን። ጎሜ የሚተች ጎን የለውም ያለ የለም። በጋሞ ደጋ «ማላ» የሚባለውን ነባር ዜጋ ከሸክላ ሠሪው «ማና» እና ከቆዳ ፋቂው «ደጋላ» የሚለየው አጥር በጎሜ የታጠረ ነበር፤ በጋብቻና በቀብር ሳይቀር ሰውን ከሰው አራርቋል። ይህ ሊተችና ሊታገሉት የሚገባ ነው። ነገር ግን ጎሜን «ኃጢአት» ብሎ የተረጎመ ሰው ይህን አጥር እንዴት ይተቻል? በአማርኛ ኃጢአት የሚጠላ ነገር ነው፤ ስለዚህ ትርጉሙ አጥሩን የጽድቅ ዘበኛ ያደርገዋል። ያው ጎሜ ደኑን ከመጥረቢያ፣ ወሰኑን ከገፊ፣ ደካማውን ከሐሰት ምስክር እንደሚጠብቅም ተርጓሚው አያይም። በትክክል ያልተተረጎመ ሐሳብ በትክክል ሊመሰገንም፣ በትክክል ሊነቀፍም አይችልም። ካድሬ የሆነ ሰው ሕዝብን ለመለወጥ ከተነሣ፣ የሚለውጠው ነገር ምን እንደሆነ የማወቅ ግዴታ አለበት።

ስለ ዶርዜ የተጻፈ አንድ ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዳን ስፐርበር የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪ በዶርዜ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳወሳው፣ ዶርዜዎች «ነብር ክርስቲያን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል» ይላሉ። ነገር ግን የዶርዜ ባለ ከብት ረቡዕና ዓርብም ከብቱን ከነብር ይጠብቃል። ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል የተረጎመ ሰው የዶርዜን ሕዝብ ተላላ ያደርገዋል፤ ከብት ጥበቃውን ያየ ሰው ግን ንግግሩ ከመንጋው ጥበቃ በተለየ መዝገብ የተጻፈ መሆኑን ይረዳል። የቃል ትርጉም ከአፍ ብቻ አይለቀምም፤ ተናጋሪው ከተናገረ በኋላ ከሚያደርገውም ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የተሻለ ክብደት አለው። «ቃሉን ሁሉ እንዳለ ከተውነው፣ ተርጓሚ ለምን አስፈለገ? አንባቢስ ምን ይረዳል?» ይላል። ይህ ጥያቄ የጋሞኛና የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በታላላቆቹ ቋንቋዎች መካከልም ያለ ክርክር ነው። ከስፓኝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጎመውን ፍልስፍና ማየት ይበቃል። እንግሊዝኛ «መሆን»ን በአንድ ግሥ ይገልጣል፤ ስፓኝኛ ግን ሁለት አለው፣ «ሴር» እና «ኤስታር»። ስለ አንድ ሰው ተመሳሳይ ቅጽል ተይዞ በ«ሴር» ቢነገር ሰውየው አሰልቺ ነው ማለት ይሆናል፤ በ«ኤስታር» ቢነገር ግን ሰውየው ሰልችቶታል ማለት ነው። አርጀንቲናዊው ፈላስፋ ሮዶልፎ ኩሽ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው መጽሐፍ በዚሁ ልዩነት ላይ አንድ ሙሉ ፍልስፍና ገነባ፤ «ሴር»ን የአውሮፓውያን «ሰው ለመሆን» የመሯሯጥ መንፈስ፣ «ኤስታር»ን ደግሞ የአንዲስ ተራሮች ሕዝቦች በምድራቸው ላይ «የመኖርና የመገኘት» መንፈስ አድርጎ አቆመ። ይህ ሐሳብ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ሁለቱ ምሰሶዎች በአንድ ግሥ ሥር ይወድቃሉ። አማርኛ «ነው» እና «አለ» ስላለው የተሻለ ዕድል ያለው ይመስላል፤ ግን አማርኛው ልዩነቱን የሚቆርጠው ስፓኝኛው በሚቆርጥበት ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለት ግሥ መኖሩ ብቻ አያድንም።

ስፓኝኛም ራሱ በተቀባይነቱ ተፈትኗል። ኦርቴጋ ኢ ጋሴት እ.ኤ.አ. በ1913 የጀርመኖችን አንድ ቃል ለመመለስ «ቪቬንሲያ» የሚል አዲስ ቃል ከ«መኖር» ግሥ ሠራ፤ ቃሉም ለመደ፣ ዛሬ የስፓኝኛ ተናጋሪ ሁሉ ይናገረዋል። በሌላ በኩል ሆሴ ጋኦስ እ.ኤ.አ. በ1951 የሃይዴገርን ዋና መጽሐፍ ሲተረጉም «ዳዛይን»ን በስፓኝኛ ቃላት «እዚያ መሆን» አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 እንደገና የተረጎመው ቺሊያዊው ኾርኼ ኤድዋርዶ ሪቬራ ግን «ዳዛይን»ን እንዳለ ተወው። የአንዱ ቋንቋ ተርጓሚዎች አንዱን ቃል ፈጠሩ፣ ሌላውን ተረጎሙ፣ ኋላ ደግሞ ተዉት። ይህ ውድቀት አይደለም፤ እያንዳንዱን ቃል በየራሱ ሚዛን መመዘን ነው።

ከጋሞ ጉዳይ ጋር ይበልጥ የሚዛመደው ግን የኢኳዶር ነው። የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ የኪችዋ ሕዝብ ሐሳብ የሆነው «ሱማክ ካውሳይ» በመግቢያው ላይ በራሱ ቋንቋ ተጻፈ፤ ከጎኑም የስፓኝኛው «በመልካም መኖር» ቆመ። የቦሊቪያም ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 የአይማራን «ሱማ ቃማኛ» እንዲሁ አካተተ። ሐሳቡ ሰው ከሰውና ከምድር ጋር ተስማምቶ መኖሩን የሚናገር ነው፤ ከስፓኝኛው ቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ለእንግሊዝኛ ጆሮ የምቾትና የድሎት ኑሮ ይመስላል። አንባቢውን ከዚህ ስሕተት የሚመልሰው ከጎኑ የቆመው የኪችዋ ቃል ነው። ቃሉ «ቁም! እዚህ ሌላ ሐሳብ አለ» ይለዋል። ጎሜም በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ መቆም አለበት።

ይህን መብት መጠየቅ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። አንድ የውጭ ሀገር ሰው «ይሉኝታ»ን «ሐፍረት» ብሎ ቢተረጉምበት የአማርኛ መምህር ይቆጣል። «ይሉኝታ ‹ሰዎች ምን ይሉኛል› የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአንድ ስም ውስጥ ያደረ ነው፤ ሐፍረት ከሥራ በኋላ ይመጣል፣ ይሉኝታ ግን ከሥራ በፊት እጅ ይይዛል» ብሎ ያስረዳል። እውነቱን ነው። በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ያለው «ልቡና» በውጭ ቋንቋ ባዶ «አመክንዮ» ሲሆን፣ ከልብ የተወለደው ቃል ልቡን አጥቶ እንደሚቀር የግእዝ ሊቅ ያዝናል። እርሱም እውነቱን ነው። ታዲያ ለይሉኝታና ለልቡና የሚከራከረው ብዕር፣ ለጎሜ ሲሆን ለምን ይደነዝዛል? በራሱ ቃል ላይ ሲደርስ በደል የሚለውን፣ በጎረቤቱ ቃል ላይ ሲያደርሰው ትርጉም ማለት አይገባውም።

አሳፋሪው ነገር ደግሞ፣ የሩቁ ሰው በዚህ ረገድ ከቅርቡ ሰው መቅደሙ ነው። ዣክ ቢሮ ስለ ጋሞ የፖለቲካ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1981፣ ማርክ አቤሌስ ስለ ኦቾሎ እ.ኤ.አ. በ1983 በፈረንሳይኛ መጻሕፍት አሳትመዋል። ዴና ፍሪማንም ስለ ዶኮ እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝኛ ጽፋለች። ዱቡሻ በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ የራሱ ተቋም ሆኖ ተተንትኗል። በአማርኛ ግን ዱቡሻ ገና «ባህላዊ ሸንጎ» በሚል ቅጽል ሥር የበዓል ትርኢት ማሟያ ነው። የጋሞ ሐሳብ ፓሪስ ደርሶ አዲስ አበባ ሳይደርስ ከቀረ፣ ያጠረው የመንገዱ ርዝመት አይደለም፤ የተቀባዩ ትጋት ነው።

የቃል ጉዳይ በቢሮ ብቻ ሊወሰን እንደማይችል የዚሁ አካባቢ ታሪክ በመራራ መንገድ አስተምሯል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ወላይትኛ ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ ጋሞኛ በራሱ ስም አልነበረም። ቆይቶ አርባ ምንጭን ዋና ከተማው ባደረገው በያኔው የሰሜን ኦሞ ዞን፣ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎች በአንድ ተቀይጠው «ወጋጎዳ» የሚል ስም ተሰጣቸው፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ታተሙ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች መሆናቸው እውነት ነው። ተናጋሪዎቹ ግን ቃላቸው ተወስዶ በሌላ ቃል ሲተካ ዝም አላሉም። በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ከትምህርት ቤት ወጡ። «ምን ልዩነት አለው፤ ይቀራረባል» የሚለው የተርጓሚ ስንፍና እዚያ ድረስ ሊያደርስ ይችላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መልሱ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሐሳቡ በአማርኛ አቻ ከሌለው ቃሉ እንዳለ ይግባ። ጎሜ፣ ዱቡሻና ዎጋ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ በስማቸው ይጠሩ። መጀመሪያ በተጠሩበት ቦታ ግን ያለ ማብራሪያ አይለፉ፤ ማብራሪያውም የአንዲት ቃል ምትክ ሳይሆን አጠቃቀማቸውን የሚያሳይ ይሁን። አማርኛ ከግሪክ «ፍልስፍና»ን ተቀብሎ አልደኸየም፤ ከጋሞ «ጎሜ»ን ቢቀበልም ይበለጽጋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። እኩልነት በአዋጅ ብቻ አይፈጸምም፤ አንዱ ቋንቋ ከሌላው ቃል ሲቀበልም ይገለጣል።

ሁለተኛ፣ ተርጓሚው ከመዝገበ ቃላት በፊት ዱቡሻ ይሂድ። በምን ጉዳይ ጎሜ እንደተባለ፣ ማን እንደተናገረው፣ እንዴት እንደተፈታ ጉዳይ በጉዳይ ይመዝግብ። በጋሞ ዞን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋሞኛ ይሰጣል፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ከካምፓሶቹ አንዱን በኩልፎ ስም ጠርቷል። የወንዙን ስም የወሰደ ተቋም ከወንዙ ምንጭ ያለውን ሐሳብ ለመመዝገብም ይጠራል። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ይላክ፤ አያቶቹም መረጃ ሰጪ ብቻ ተብለው አይቅሩ፤ ትርጉሙ ከመታተሙ በፊት ይነበብላቸው፣ እምቢ የማለትም መብት ይኑራቸው።

ሦስተኛ፣ ከያኒው ድርሻውን ይወጣ። ጸሐፌ ተውኔት የጋሞን አባት ወደ መድረክ ሲያወጣ በቄስ ወይም በዳኛ አንደበት አያናግረው። ስለ ጎሜ ሲናገር በደረት መምታትና በንስሐ ዜማ ፋንታ፣ በሕዝብ ፊት የሚደረገውን ክርክር፣ ካሣና እርቅ ያሳይ። ማናና ደጋላ የተገለሉበትንም አጥር አይሸፍን። ተመልካቹ የማያውቀውን ቃል በመድረክ ላይ በሥራ ካየው፣ ምንም የግርጌ ማስታወሻ የማይሰጠውን ትርጉም ያገኛል። «ወዛደር»ን በውይይት ክበብ ያለማመደ ሕዝብ «ጎሜ»ን በቲያትር ቤት ሊለምደው ይችላል።

ይህ ሥራ አዝጋሚ ነው ይባል ይሆናል። አዎን፣ አዝጋሚ ነው። የግእዝ ሊቃውንት «ባሕርይ»ንና «አካል»ን ለመለየት ብዙ ትውልድ ተከራክረዋል፤ ስፓኞችም ስለ አንድ የጀርመን ቃል ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሐሳባቸውን ሲለዋውጡ ኖረዋል። የጋሞ ሐሳብ ከዚህ ያነሰ ትዕግሥት የሚገባው ነው የሚል ሰው ካለ፣ ያልተናገረው ነገር ይህ ነው፤ «ፍልስፍና ያለው ሌላው ሕዝብ ነው፣ ጋሞ ያለው ልማድ ብቻ ነው» ማለቱ ነው። ይህን አቋም በግልጽ ይዞ በዱቡሻ ላይ ይከራከርበት። «ኃጢአት» በምትል አንዲት ቃል ሥር ተሸሽጎ ግን አይለፍ። ሣር ይዘው የተንበረከኩት አባቶች ያቆሙት ሞትን ነው፤ ያቆሙበት ሐሳብ ስም አለው፤ ስሙም ጎሜ ነው።